ነገር ሲበዛብዎ፦ ወደ ኋላ ተመልክቶ ወደ ፊት ለማቀድ የሚረዳ የአሠራር መመሪያ

ሥራ ሲደራረብና የሚይዙት የሚጨብጡት ሲጠፋ ብዙዎቻችን የምንወስደው እርምጃ አንድ ዓይነት ነው፤ ከቀድሞው የጠበቀ አዲስ ዕቅድ እናወጣለን። ከነገ ጀምሮ ማልደን ልንነሣ፣ ስልክ ላንነካ፣ የወሩን ውዝፍ በአንድ ሳምንት ልንጨርስ እንወስናለን። ዕቅዱ በተጻፈበት ምሽት ደረት ቀለል ይላል። ማክሰኞ ላይ ግን ዕቅዱ ፈርሶ ይገኛል፤ በውዝፉ ሥራ ላይም ለራስ የገቡትን ቃል ያለመጠበቅ ጸጸት ይደረባል። እኔም ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ነበር። አንድ እሑድ ምሽት ለሰኞ ብቻ 14 ሥራ ጽፌ፣ በማግሥቱ 4ቱን ብቻ ሠርቼ፣ የቀሩትን 10 እንዳሉ ወደ ማክሰኞ መገልበጤን አስታውሳለሁ። ማክሰኞ ማታ ዝርዝሩ ላይ 15 ሥራ ነበር።

ያን ወረቀት በኋላ ሳየው የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ሰኞዬ በእርግጥ ምን እንደሚመስል አንድም ጊዜ ሳልመለከት ምን እንዲመስል እንደምመኝ ብቻ መጻፌ ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው አሠራር በዚህ አንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፤ ነገር የበዛበት ሰው ስለ ቀጣዩ ሳምንት ከመወሰኑ በፊት ያለፈውን ሳምንት በጥሞና ሊያነብ ይገባል፤ ዕቅዱንም ከዚያ ንባብ ላይ ሊያወጣ ይገባል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልግዎ አራት ወይም አምስት ባዶ ወረቀት፣ ብዕር፣ ሰዓትና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነው። ይህን ያህል ጊዜ በአንድ መቀመጫ ካላገኙ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እርምጃዎች ዛሬ ማታ፣ የቀሩትን ነገ ቢሠሩ ጉዳት የለውም። በስልክ ፈንታ ወረቀት እንዲጠቀሙ የምመክረው ከሽሽቱ የተነሣ ነው፤ ማስታወሻ ለመጻፍ የተከፈተ ስልክ ሲሸሹት የነበረውን መልእክት ይዞ ብቅ ይላል። ስልኩ የሚያስፈልግዎ ሦስተኛው እርምጃ ላይ ነው።

በሁለት ሁኔታዎች ግን ይህን ሥራ አይጀምሩት። የመጀመሪያው፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መድረስ ያለበት ቁርጥ ቀን ያለው ሥራ ካለብዎ ነው፤ እሱን ቀድመው ይጨርሱ። ሁለተኛው ከበድ ያለ ነው። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ፣ ወይም ቀድሞ ያስደስትዎ የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ይልቁንም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ የሚያስፈልግዎ የዕቅድ ወረቀት ሳይሆን የጤና ባለሙያ ነውና ሳይውሉ ሳያድሩ ለሚቀርብዎ ሰው ተናግረው ወደ ሕክምና ይሂዱ።

1. በጭንቅላት ያለውን ሁሉ ወደ ወረቀት ማውረድ

ሰዓትዎን ለ15 ደቂቃ ይሙሉና በሐሳብዎ የሚመላለሰውን ሁሉ አንዱን ጉዳይ በአንድ መስመር እያደረጉ ይጻፉ። ቅደም ተከተል አይስጡ፤ ትልቁንና ትንሹን አይለዩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ከቤቱ አይነጥሉ። ያልተመለሰ መልእክት፣ የተበደሩት ዕቃ፣ ሲያዘገዩት የቆዩት የጤና ምርመራ፣ ከወንድምዎ ጋር ሳይቋጭ የቀረ ንግግር፣ ሁሉም ይግባ። ለሌላ ሰው የማያሳዩት ወረቀት ስለሆነ ጽሕፈቱ ባያምርም ግድ የለም። ሦስት ደቂቃ ሙሉ አዲስ ነገር ካልመጣልዎ የጊዜው ገደብ ባይደርስም ማቆም ይችላሉ።

ይህ እርምጃ ተራ ቢመስልም ምክንያት አለው። አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያገላብጠው የሚችለው ነገር በጣም ጥቂት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ ቁጥሩን 7 ገደማ አድርጎት ነበር፤ ኔልሰን ካወን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የተከማቹትን ማስረጃዎች መርምሮ ወደ 4 ዝቅ አድርጎታል። እንግዲህ 30 ጉዳይ የተሸከመ ሰው አራቱን ሲያስተናግድ ሃያ ስድስቱ በር እያንኳኩ ነው የሚቆዩት። ሲጻፉ ደጅ መጥናታቸውን ይተዋሉ፤ ብዙ ሰውም ቆጥሮ ሲጨርስ ከገመተው ያነሱ ሆነው ያገኛቸዋል።

ዝርዝሩ 50 ወይም 60 መስመር ሆኖ ቢያስደነግጥዎ ገና የሚሠራ ሥራ እንዳልሆነ ያስታውሱ። እስካሁን ያደረጉት ቆጠራ ብቻ ነው።

2. «ነገር» እና «ጉዳይ» የሚሉትን መፍታት

አሁን ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ቀስ ብለው ያንብቡና «የእገሌ ጉዳይ»፣ «የሪፖርቱ ነገር»፣ «የቤቱ ሁኔታ» በሚል ዓይነት ቃል በተጻፈ መስመር ሁሉ ሥር ያስምሩ። ቋንቋችን ያልተወሰነን ነገር ሸፍኖ ለማለፍ እነዚህን ቃላት አበጅቶልናል፤ በዝርዝር ውስጥ ሲገኙ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያመለክቱት ጸሐፊው በዚያ ጉዳይ ላይ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገና አለመወሰኑን ነው። ከልምዴ እንደታዘብኩት ደረት ላይ የሚከብዱት መስመሮች እነዚህ እንጂ ረጅም ጊዜ የሚወስዱት አይደሉም።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። «የሪፖርቱ ነገር» የሚል መስመር አለ እንበል። ራስዎን «ይህን ሪፖርት አሁን ልሥራ ብል እጄ መጀመሪያ የሚነካው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ፋይሉን መክፈት ይመስልዎ ይሆናል፤ ነገር ግን ፋይሉ ሦስት ጊዜ ተከፍቶ ሦስት ጊዜ ተዘግቷል። ለምን እንደተዘጋ ሲያስቡ፣ በሁለተኛው ገጽ ላይ መግባት ያለባቸው ሦስት ቁጥሮች በእጅዎ እንደሌሉና እነሱም ያሉት አንዲት የሥራ ባልደረባዎ ጋር እንደሆነ ይደርሱበታል። ባለፈው ወር ያልረዷት ነገር ስለነበረ ለመጠየቅ አፍረዋል። ስለዚህ መስመሩ ተሰርዞ «ለባልደረባዬ ደውዬ ሦስቱን ቁጥሮች መጠየቅ፤ ስላለፈው ወርም ይቅርታ ማለት» ተብሎ ይጻፋል። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንደ ቋጥኝ የከበደው ሪፖርት የስድስት ደቂቃ ስልክ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

እያንዳንዱን የተሰመረበት መስመር በዚህ መንገድ ወደ ግስ ይለውጡት፤ መደወል፣ መጠየቅ፣ መጻፍ፣ መክፈል፣ መመለስ፣ እምቢ ማለት። ወደ ግስ የማይለወጡ መስመሮችም ያጋጥሙዎታል፤ «ልጄ ወደ ፊት ምን ይሆን ይሆን» ወይም «ሰው ምን ይለኝ ይሆን» የመሰሉት ሥራ ሳይሆኑ ሥጋት ናቸውና ወደ ሌላ ወረቀት ያዛውሯቸው። ይህ መናቅ አይደለም፤ ሥጋትን ከሥራ ዝርዝር ጋር ቀላቅሎ ማስቀመጥ በየቀኑ «አልሠራሁትም» እያሉ በማይሠራ ነገር ራስን መውቀስ ስለሚያስከትል ነው።

ኢ. ጄ. ማሲካምፖና ሮይ ባውማይስተር እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ያልተጠናቀቀ ግብ ሌላ ሥራ በሚሠራበት ጊዜ ሐሳብ እንደሚሰርቅ፣ ግቡ እንዴትና መቼ እንደሚፈጸም የተለየ ዕቅድ ሲወጣለት ግን ሥራው ገና ሳይነካ እንኳ መስረቁን እንደሚተው አሳይተዋል። አእምሮ የሚፈልገው ሥራው እንዲያልቅ ብቻ አይደለም፤ ቁርጡን ማወቅም ያሳርፈዋል።

3. ያለፈውን ሳምንት ማንበብ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ ጊዜ ካጠረዎም ሌላውን ያሳጥሩ እንጂ ይህንን አይዝለሉ።

አዲስ ወረቀት ወስደው ለሁለት ይክፈሉት። በግራ በኩል ባለፈው ሳምንት አቅደውት የነበረውን፣ በቀኝ በኩል የሆነውን ይጽፋሉ። በትዝታ ብቻ አይመኩ፤ አሁን ስልክዎን አንሥተው የቀን መቁጠሪያውን፣ የጥሪ መዝገቡንና የተላላኳቸውን መልእክቶች ሰዓት ይመልከቱ። ሰባቱን ቀን ሁሉ መሥራት አያስፈልግም፤ ሁለት የሥራ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ይበቃሉ። ከእኔ ወረቀቶች በአንዱ ላይ በግራ «ሰኞ ጠዋት ከ3 እስከ 5 ሰዓት፦ ሪፖርት» ይላል። በቀኝ ያለው ግን «እስከ 3፡40 መልእክት መመለስ፤ 3፡40 ስልክ፤ ከ4፡10 እስከ 4፡45 ሪፖርት፤ ከዚያ ሰው መጣ» ይላል። ለሁለት ሰዓት የታቀደው ሥራ 35 ደቂቃ ነው ያገኘው። ይህን ሳላይ በፊት «ሰኞ ጠዋት ሙሉውን በሪፖርት ላይ ዋልኩ፤ ግን አልገፋልኝም» ብዬ አምን ነበር።

ወረቀቱ ሲሞላ የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሱ። ሳላቅደው የሠራሁት ምንድን ነው፤ ስንት ሰዓትስ ወሰደ? ከቀን ወደ ቀን በይደር ሳንከባልለው የሰነበትሁት ሥራ የትኛው ነው? ሥራ የገፋልኝ በየትኛው ሰዓትና ማን በሌለበት ነው? ጭንቀቱ የጀመረኝስ በየትኛው ቀን፣ ምን ካየሁ ወይም ከሰማሁ በኋላ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ያልተጠበቀ መልስ አለው። ከሥራ ብዛት የመጣ የመሰለን ጭንቀት በአንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከደረሰን አንድ አጭር መልእክት የጀመረ ሆኖ ይገኛል።

ጥያቄዎቹ «ምን»፣ «መቼ»፣ «ስንት» የሚሉ እንጂ «ለምን እንዲህ ሆንኩ» የሚሉ አለመሆናቸውን ልብ ይሏል። አማርኛ ለሁለቱ የሐሳብ ዓይነቶች የተለያየ ስም አለው። ማሰላሰል አንድን ነገር እያገላበጡ ወደ አንድ ፍሬ መድረስ ነው፤ ማብሰልሰል ግን ያንኑ ነገር በዚያው እሳት ላይ ደጋግሞ ማፍላት ነው። «ለምን ሁልጊዜ እንዲህ እሆናለሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የሚያገኘው መልስ በራሱ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነው፤ «ሰኞ በ3፡40 ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ ግን የሚያስተካክለው ነገር ያገኛል። ከየትኛው ወገን እንዳሉ ለማወቅ ቀላሉ መለያ ወረቀቱ ነው፤ አሥር ደቂቃ አስበው አንድ አዲስ መስመር ካልጻፉ እያብሰለሰሉ ነውና ተነሥተው ትንሽ ተራምደው ይመለሱ።

በራስዎ ላይ መጨከን ከጀመሩ ደግሞ ስለ ራስዎ ስለ ሌላ ሰው እንደሚጽፉ አድርገው ይጻፉ። ኢታን ክሮስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጥናት፣ አስጨናቂ ንግግር ሊያደርጉ ሲዘጋጁ «እኔ» በማለት ፈንታ ራሳቸውን በስማቸው ጠርተው ያሰቡ ሰዎች ጭንቀታቸው ቀንሶ፣ ንግግራቸውም ተሽሎ ተገኝቷል። ታናሽ እህትዎ ይህንኑ ወረቀት ይዛ ብትመጣ «ሰነፍ ነሽ» አይሏትም፤ «ሰኞ ጠዋት ስልክሽን ዝጊው፤ ሪፖርቱ ያልገፋው ለዚህ ነው» ነው የሚሏት። ያንኑ ለራስዎ ይጻፉ።

ከዚህ ወረቀት የሚወጣ አንድ ቁጥርም አለ። ሦስት ወይም አራት ሥራዎችን መርጠው ይፈጃሉ ብለው የገመቱትን ጊዜ በእርግጥ ከፈጁት ጋር ያነጻጽሩ። 40 ደቂቃ የተባለው 60 ደቂቃ ከወሰደ ብዜትዎ፣ ማለትም ግምትዎን ሊያባዙበት የሚገባው ቁጥር፣ 1.5 ነው። እኔ ለስብሰባ የምሰጠው ግምት ብዙም አይሳሳትም፤ ለጽሑፍ ሥራ ግን ብዜቴ ወደ 2 ይጠጋል። ይህ የእኔና የእርስዎ ብቻ ድክመት አይደለም። ዳንኤል ካህኔማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ዓይነተኛ የዕቅድ ስሕተት ብለው ለይተውታል። ሮጀር ቡለርና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1994 የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎችን መቼ እንደሚጨርሱ ጠይቀው ነበር፤ ተማሪዎቹ በአማካይ 33.9 ቀን ገምተው በ55.5 ቀን ነው የጨረሱት። ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንኳ ብለው የሰጡት ግምት 48.6 ቀን ስለነበረ ክፉው ግምታቸውም አልበቃም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ከዚያው ጥናት የተገኘው ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች በራሳቸው ሲተው የሚያስቡት ወደ ፊት ስለሚሆነው ብቻ ሲሆን፣ ያለፈውን ልምዳቸውን አስታውሰው ከአሁኑ ሥራ ጋር እንዲያገናኙት ሲደረግ ግምታቸው ወደ እውነቱ ቀርቧል።

4. ያለዎትን ሰዓት መቁጠር

አሁን ስሌት ነው፤ አጭር ነው። ሳምንት 168 ሰዓት አለው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢተኛ 56 ይሄዳል፤ 112 ይቀራል። ለመደበኛ ሥራና ለጉዞ 50፣ ለመብላት፣ ለንጽሕናና ለቤት ሥራ በቀን 3 ሰዓት ተኩል ማለትም 24.5፣ ለቤተሰብና ለተቆረጡ ቀጠሮዎች 12 ቢቀነስ 25.5 ሰዓት ይቀራል። ሦስተኛው እርምጃ ላይ ሳይታቀዱ የመጡት ነገሮች በሳምንት 9 ሰዓት መውሰዳቸው ታይቷል እንበል፤ እነሱ በሚቀጥለውም ሳምንት በሌላ መልክ ስለሚመጡ ይቀነሱ። በእጅ ያለው 16.5 ሰዓት ነው።

በሌላ በኩል ከመደበኛው ሥራ ውጪ በዝርዝሩ ላይ ያሉት ሥራዎች ተደምረው 18 ሰዓት ይፈጃሉ ተብለው ከተገመቱ በ1.5 ሲባዙ 27 ሰዓት ይሆናሉ። ጎደሎው 10.5 ሰዓት ነው። ማልዶ መነሣት፣ ወኔ መሰነቅና መማል ይህን ቁጥር አይሞሉትም። ከእንቅልፉ ልቁረጥ ያለ ሰው ደግሞ ብዜቱን ወደ 2 ከፍ አድርጎ ማስላት ይኖርበታል፤ ያልተኛ ሰው ያንኑ ሥራ በረጅም ጊዜ ነው የሚሠራው።

የራስዎን ቁጥሮች እያስገቡ ይህን ስሌት በወረቀት ላይ ይሥሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ይቆጣል፤ ወዲያው ግን ይረጋጋል፤ የማይቻለውን ለመቻል ሲታገል እንደነበረ በቁጥር አይቷልና።

5. ጎደሎውን ማቃለል

ጎደሎ ሰዓትን የሚያቃልሉ አራት መንገዶች አሉ፤ መተው፣ ለሌላ ማስተላለፍ፣ ማዘግየትና ማሳነስ። በዝርዝሩ ላይ ካለው እያንዳንዱ ሥራ ፊት ከእነዚህ አንዱን ወይም «ይሠራል» የሚለውን ይጻፉ፤ የጎደለው ሰዓት እስኪሞላም አያቁሙ።

ለመለየት የሚያስቸግሩት አስቸኳይ መስለው የሚመጡት ናቸው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ድዋይት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1954 ባደረጉት ንግግር የአንድ ኮሌጅ ፕሬዚዳንትን አባባል በመጥቀስ አስቸኳይ የሆነውና አስፈላጊ የሆነው የተለያዩ መሆናቸውን አንሥተው ነበር፤ ዛሬ በየሥልጠናው የሚሳለው ባለ አራት ክፍል ሠንጠረዥ መነሻው ያ ነው። ሠንጠረዡን መሣል አያስፈልግም። «ይህ ሥራ በዚህ ሳምንት ባይሠራ የሚጎዳው ማን ነው? ጉዳቱስ በወር ውስጥ ይጠገናል?» የሚሉት ሁለት ጥያቄዎች ይበቃሉ። ማንም የማይጎዳበት ይተዋል፤ የሚጠገነው ይዘገያል።

ከአራቱ የተረሳው ማሳነስ ነው። አሥር ገጽ የታሰበው ጽሑፍ ሦስት ገጽ ቢሆን ተቀባዩ ይከፋዋል? ቤቱን ሙሉ ከማጽዳት እንግዳ የሚቀመጥበት ክፍል ብቻ ቢጸዳ? ጭንቀት ሥራውን ወይ ሙሉ ወይ ባዶ አድርጎ ያሳየናል፤ ግማሹን ማድረስ የሚበቃበት ጊዜ ግን ከምናስበው በላይ ብዙ ነው።

የተተወውና የዘገየው ሌላ ሰው የሚጠብቀው ከሆነ ዛሬውኑ ይንገሩ። ሰው የሚያዝነው በመዘግየቱ ሳይሆን ባለመነገሩ ነው። ለአለቃ የሚላከው መልእክት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ለሐሙስ አደርሰዋለሁ ያልኩዎትን ሰነድ በተባለው ቀን ማድረስ እንደማልችል ከወዲሁ ላሳውቅዎ። የመጀመሪያውን ክፍል ሐሙስ፣ ቀሪውን በሚቀጥለው ማክሰኞ ከሰዓት በፊት እልክልዎታለሁ። ይህ የሚያስቸግርዎ ከሆነ ከያዝኳቸው ሥራዎች የትኛውን ባዘገይ እንደሚሻል ይንገሩኝ።» ሰበብ አልተደረደረበትም፤ አዲስ ቀን አለው፤ ምርጫውንም ለባለቤቱ ይሰጣል። ለወዳጅ ሲሆን ያጥራል፦ «ወንድሜ፣ በዚህ ሳምንት እንዳልኩህ ልመጣ አልቻልኩም፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመችሃል?»

6. የቀረውን በቀንና በሰዓት ላይ ማሳረፍ

የተረፉትን ሥራዎች በቀን መቁጠሪያ ላይ ያስቀምጡ፤ ከባዱን ሥራ ሦስተኛው እርምጃ ላይ «የገፋልኝ በዚህ ሰዓት ነው» ባሉት ጊዜ፣ ቀላሉን የመላላክ ሥራ በሚደክሙበት ሰዓት ላይ ያድርጉት። ሁሉንም ክፍት ሰዓት አይሙሉ፤ ለድንገተኛው የቀነሱት 9 ሰዓት በየቀኑ ተከፋፍሎ ባዶ ሆኖ መታየት አለበት።

ከዚያ ለሦስቱ ዋና ሥራዎች አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ዓረፍተ ነገሩ አንድን የተወሰነ ጊዜ ወይም ቦታ ከአንድ የተወሰነ ድርጊት ጋር የሚያስር መሆን አለበት፦ «ማክሰኞ ጠዋት ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ መልእክት ሳልከፍት የሪፖርቱን ሁለተኛ ገጽ እከፍታለሁ።» «ስልክ ተደውሎ ሥራዬን ካቋረጠኝ፣ ከማንሣቴ በፊት የደረስኩበትን በአንድ መስመር እጽፋለሁ።» ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ለዓመታት ያጠናው ይህንን ዓይነት ዕቅድ ነው፤ ከፓስካል ሺራን ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ግምገማ 94 ሙከራዎችን አጠቃሎ፣ «እንዲህ ሲሆን ይህን አደርጋለሁ» ብሎ ማቀድ ግብን በማድረስ ረገድ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ የሚደርስ ውጤት እንዳለው አሳይቷል። «በዚህ ሳምንት እበረታለሁ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰዓትም ቦታም ስለሌለው ማክሰኞ ጠዋት አያስታውስዎትም።

7. ዕቅዱ እንደፈረሰ አድርጎ ማሰብ

አምስት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። ዓይንዎን ጨፍነው የሚቀጥለውን እሑድ ያስቡ፤ ሳምንቱ አልፏል፤ ዕቅዱ ፈርሷል። ምን ሆኖ ነው? የመጡልዎትን ሦስት ምክንያቶች ይጻፉ። ይህን ዘዴ ለቡድን ሥራ ያስተዋወቀው ጋሪ ክላይን ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተመው ጽሑፍ አብራርቶታል፤ ለአንድ ሰውም ይሠራል። «ይፈርስ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ «አይፈርስም» የሚል ተስፋ ይወልዳል፤ «ፈርሷል» ብሎ መነሣት ግን ምክንያቱን ያስቆጥራል። ለእያንዳንዱ ምክንያት በስድስተኛው እርምጃ ቅርጽ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ልጅ ቢታመም የትኛው ሥራ መጀመሪያ እንደሚወድቅ ዛሬ ይወሰን፤ ያን ቀን ለመወሰን ልብ አይኖርዎትምና።

8. የማታው 5 ደቂቃና የሳምንቱ ግማሽ ሰዓት

ማታ ከመተኛትዎ በፊት ለ5 ደቂቃ የነገውን ሥራ ይጻፉ። ማይክል ስከሊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት 57 ወጣቶችን በእንቅልፍ ላቦራቶሪ አስተኝተው ግማሾቹን ወደ ፊት የሚሠሩትን፣ ግማሾቹን ያጠናቀቁትን ሥራ ለ5 ደቂቃ አስጽፈው ነበር፤ የሚሠሩትን የጻፉት በአማካይ 9 ደቂቃ ያህል ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ዝርዝራቸው ይበልጥ የተብራራ ሲሆንም ይበልጥ ፈጥነው ተኝተዋል። ከሥሩ አንድ መስመር ስለ ዛሬው ይጨምሩ፤ «የሆነው» የሚለው የቀኝ ዓምድ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከተሞላ የሳምንቱን ንባብ ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ግማሽ ሰዓት ያወርደዋል።

ዕቅዱ ማክሰኞ ላይ ቢሰበር፣ መሰበሩም አይቀርም፣ አዲስ ዕቅድ አያውጡ። የተሰበረውን መስመር ሰርዘው ከጎኑ የሆነውን ይጻፉ፤ ረቡዕን እንዳለ ይተዉት፤ የሰኞና የማክሰኞን ውዝፍ በረቡዕ ላይ አይጫኑበት። የተሰረዘው ሥራ ባዶ ከተተወው ሰዓት ይግባ፤ ቦታ ከሌለው ወደ አምስተኛው እርምጃ ተመልሶ ከአራቱ መንገዶች አንዱን ያግኝ።

ወረቀቶቹን አይጣሏቸው። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ አራቱንም ጎን ለጎን ዘርግተው በአራቱም ላይ ሳይሠራ የተገለበጠውን መስመር ይፈልጉ፤ አንድ ወይም ሁለት አይጠፋም። በእኔ ወረቀቶች ላይ ያገኘሁት «ለዚያ ኮሚቴ መልስ መስጠት» የሚል ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት መልሴ «አልችልም» እንደሆነ አውቀው ነበር፤ አራት ሳምንት የተሸከምኩት ያንን ለመናገር ስፈራ ነው። እንዲህ ያለውን መስመር ሲያገኙ ወደ አምስተኛ ሳምንት አይገልብጡት። እዚያው እንደተቀመጡ ወይ የመጀመሪያውን የሚነካ ድርጊት ይፈጽሙ፣ ወይ ስልክዎን አንሥተው እምቢታዎን ይላኩ።